ከቁራሌው የተረፈችው ካምኮርደር፦ የ10 ወር አጠቃቀሜ

እስካለፈው ጥቅምት ድረስ እቺ ካሜራ ቡፌው ታች በፌስታል ተጠቅልላ ነው የኖረችው። አንድ ቅዳሜ እማዬ ቤት ስታጸዳ "ቁራሌው!" ሚለውን ድምፅ ሰማችና "ይሄን አሮጌ ነገር አውጥተህ ስጠው እንጂ፣ ምን ያደርግልናል" አለችኝ፣ እኔም ይዤ በሩ ጋ ደርሼ ነበር። እስቲ ለመጨረሻ ልያት ብዬ ፌስታሉን ስፈታው ከስሯ 32 ካሴት፣ ሁሉም ላይ የአባዬ የእጅ ጽሑፍ። አባዬ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ተመለስኩ።

ካሜራዋ ዲጂታል 8 ነች። ቪዲዮ 8 ሚባለው ትንሹ ካሴት በ1985 መጣ፣ ሃይ8 በ1989፣ ከዛ በ1999 ሶኒ እዛው ካሴት ላይ በዲጂታል ሚቀዳውን ዲጂታል 8 አወጣ (በፈረንጅ ነው ምቆጥረው)። የኛዋ አሮጌዎቹን ካሴቶችም ታጫውታለች፣ ሁሉም ዲጂታል 8 ካሜራ ግን እንደዛ አይደለም፣ ስለዚ ሁለተኛ እጅ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ የራሳችሁን ካሴት ይዛችሁ ሂዱና አስገብታችሁ ምስሉን ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ።

መጀመሪያ ሶስት ካሴት አንድ ቤት ወስጄ በዲቪዲ አስገለበጥኩ። ምስሉ ሰው ሲንቀሳቀስ ካሬ ካሬ ይሆናል፣ ቀኑ የለም፣ ሰዓቱ የለም፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ፣ በቢጫው ኬብል አውጥተው እንደገና ጨምቀውት ነው። ፋየርዋየር በሚባለው፣ ካሜራዋን ከኮምፒውተር በሚያገናኘው ዲጂታል ኬብል ካወጣችሁት ግን ካሴቱ ላይ ያለው ዲጂታል ዳታ እንዳለ ነው ሚገለበጠው፣ ምንም አይቀነስም፣ አንድ ሰዓት ወደ 13 ጊጋባይት ይወስዳል። ዊንዲቪ ሚባል ትንሽ የድሮ ፕሮግራም አለ፣ እሱ ደግሞ ካሜራው ቆሞ በተነሳ ቁጥር ፋይሉን ይቆርጥና የተቀዳበትን ቀንና ሰዓት ስም አድርጎ ይሰጠዋል። አባዬ የቀረጸው እያንዳንዷ ቁራጭ በቀኗ ተደርድራ ስትመጣ ማየት ሌላ ነገር ነው።

"ጥምቀት 93" ሚል ካሴት ነበረ። አስገባሁት፣ ክዳኑ ቀስ ብሎ ተዘጋ፣ ውስጥ ያለው ሞተር ክሩን ሲጎትት እጄ ላይ ይሰማኛል። ከዛ አያቴ ነጭ ለብሳ በራችን ላይ ቆማ፣ በእጇ ፊቷን እየከለለች "ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ነጠላዬን ላስተካክል" ትላለች። ዳታ ኮድ ሚለውን ቁልፍ ስጫነው 19 1 2001 ብሎ ጻፈ፣ ልክ ጥር 11 ቀን 1993 ማለት ነው። ሰዓቱ ግን 3:40 ይላል፣ ፀሐዩ ደግሞ ግድግዳው ላይ ሙሉ ወጥቷል። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ፣ አባዬ ቀኑን በፈረንጅ ሞልቶ ሰዓቱን በሀበሻ ነው ያስገባው። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት፣ አጠገቤ ተቀመጠችና ካሴቱ እስኪያልቅ አልተነሳችም። ይሄን ነገር ዲቪዲው ላይ አላገኘውም ነበር።

አሁን ስላስቸገረኝ ነገር። የድሮው ባትሪ ባዶውን ስንት ዓመት ስለተቀመጠ ሞቷል፣ የአጎቴ ልጅ ከዱባይ አዲስ ልካልኝ አንድ ሰዓት ተኩል ይይዛል። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይረከባል ብዬ ነበር ቻርጀሩን ሰክቼ ምሰራው፣ አይረከብም! የቻርጀሩ ኬብል ካሜራዋ ላይ እስከተሰካ ድረስ፣ ከግድግዳው ቢነቀል እንኳን፣ ባትሪው አይሰራም። ሁለት ካሴት መሀል ላይ ተቋርጦብኝ ከመጀመሪያው ጀምሬያለሁ። መፍትሄው ቀላል ሆነ፣ ትንሿ ባለ 4 ፒን የፋየርዋየር ቀዳዳ ያላት አሮጌ ላፕቶፕ ከጓደኛዬ ተዋስኩ፣ ካሜራውም ላፕቶፑም በባትሪ፣ በቃ መብራት ቢሄድ ባይሄድ አይመለከተኝም።

ሐምሌ ላይ ደግሞ C:21 ሚል ጽሑፍ እያበራ አልሰራ አለኝ። ብርዳሙ ሰርቪስ ቤት አሳድሬያት ጠዋት ቡና ወደሚፈላበት ክፍል አስገብቻት ነው፣ ውስጧ እርጥበት ያዘ። ካሴቱን አውጥታችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ተዋት፣ በፀጉር ማድረቂያ ምናምን እንዳትሞክሩ። C:22 ካለ ሄዱ (ክሩን ሚያነበው ክፍል) ቆሽሿል ማለት ነው፣ ማጽጃ ካሴት ለጥቂት ሰከንድ ይበቃል። እሱን ያመጣብኝ አንድ ሻጋታ ያለበት ካሴት ነው። በትንሿ መስኮት ስታዩት ክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ካለ በፍጹም አታስገቡ፣ ሄዱን ያበላሻል፣ ቀጥሎ ለሚገባው ካሴትም ያስተላልፋል።

ለአዲስ ቀረጻ አልመክርም። የእህቴን ልጅ ክርስትና ሞክሬባት ነበር፣ ምስሉ 720 በ576 ፒክስል ነው፣ ስልኬ በጣም ይበልጣል።

አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን ግን ይሄን ስሙኝ። አክስቴ ከዋሽንግተን የላከችው አንድ የሃይ8 ካሴት አለ፣ የኛዋ ፓል በሚባለው የቪዲዮ ሲስተም (በሰከንድ 25 ፍሬም) ስለምትሰራ የአሜሪካውን ሲስተም ኤንቲኤስሲን አታጫውትም፣ ምስሉ እየዘለለ ይጠፋል። እሷ ካሜራዋን ከብዙ ዓመት በፊት ለሰው ሰጥታዋለች። እባካችሁ እዛ የተቀረጸ ካሴት ካላችሁ፣ የቀረጸውን ካሜራ ካሴቱ ሳይገለበጥ ከቤት አታውጡት። ካሴቱ ያለሱ ላስቲክ ነው።

እስካሁን 25 ጨርሻለሁ፣ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጬ አንዱን እህቴ ቤት አስቀምጫለሁ። ከቀሩት 7 ሁለቱ ሻጋታ ስላለባቸው ለብቻ አድርጌያቸዋለሁ፣ አምስቱን ዝናቡ ሲያቆም መስከረም ላይ እቀጥላለሁ። እማዬ ካሜራዋን ከፌስታል አውጥታ ቡፌው ላይ ዳንቴል አልብሳታለች፣ እሁድ እሁድ ቡና ሲፈላ "ዛሬ የቱን ነው ምታሳየኝ?" ትለኛለች።