ለልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ የገዛሁት የጥይት መከላከያ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ

በኦገስት መጀመሪያ፣ ሦስተኛ ክፍል ለገባችው ልጄ ደብተርና እርሳስ ስገዛ፣ ጥይት ይመልሳል የተባለ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ስስ ሰሌዳ ጨምሬ ገዛሁ። ዋጋው ከታክስ ጋር 139 ዶላር ነበር። የምንኖረው በኮሎራዶ ግዛት በአውሮራ ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 1999 አሥራ ሁለት ተማሪዎችና አንድ መምህር የተገደሉበት የኮሎምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ከቤታችን በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ቢርቅ ነው። ዕቃውን የገዛሁት ፈርቼ ነው። እንደ እኔ የፈሩ ወላጆች ብዙ መሆናቸውን ስለማውቅ፣ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ያየሁትን ባካፍላቸው ይጠቅማል ብዬ ይህን ግምገማ ጻፍኩ።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ራሱ። ሰሌዳው ከአንድ ደብተር ጥቂት ሰፋ የሚል፣ በጥቁር ናይለን የተሸፈነና ውስጡ ተደራርቦ በተጠቀጠቀ ጠንካራ ጨርቅ የተሠራ ነው። በወጥ ቤት ሚዛን ስመዝነው ከግማሽ ኪሎ ጥቂት በለጠ፤ ይህ ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም፣ ለስምንት ዓመት ልጅ ግን ከመጻሕፍቱና ከምሳ ዕቃው ጋር ሲደመር ትከሻ ላይ ይሰማል። ስፌቱ ጥሩ ነው፣ ውሃ አያስገባም፣ የመጣውም በተባለው ቀን ነው። ትልቁ ጉድለቱ የልጄ ቦርሳ ለብቻው የተለየ የጀርባ ኪስ ስለሌለው ሰሌዳው በደብተሮቹ መካከል መንሸራተቱ ነው። በሦስተኛው ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ብከፍተው፣ ጀርባዋን እንዲሸፍን ያስገባሁት ሰሌዳ ከታች ተጣጥፎ፣ የምሳ ዕቃዋ ደግሞ በቦታው ቆሞ አገኘሁት።

ሻጩ በገጹ ላይ ዕቃው በብሔራዊው የፍትሕ ኢንስቲትዩት፣ በተለምዶ ኤንአይጄ በሚባለው ተቋም፣ በደረጃ 3ኤ የተረጋገጠ መሆኑን በትልልቅ ፊደላት ጽፏል። ይህ አባባል በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ኤንአይጄ በአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ሆኖ ፖሊሶች ለሚለብሱት ጥይት መከላከያ መስፈርት የሚያወጣ ተቋም ሲሆን፣ የተማሪ ቦርሳዎችን መርምሮም ሆነ አረጋግጦ እንደማያውቅ ራሱ በግልጽ አስታውቋል። አንድ አምራች ዕቃውን በኤንአይጄ መስፈርት መሠረት በግል ላቦራቶሪ አስፈትኖ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ተቋሙ አረጋግጦታል ማለት አይደለም፣ ሻጩም ሁለቱን ሆን ብሎ ያደባለቀ ይመስለኛል። ከዚህ በላይ ያሳሰበኝ ደግሞ 3ኤ የሚለው ደረጃ የሽጉጥ ጥይት እንጂ የጠመንጃ ጥይት የማይመልስ መሆኑ ነው። በ2012 በኮነቲከት ግዛት በኒውታውን ከተማ 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች፣ በ2018 በፍሎሪዳ በፓርክላንድ 17 ሰዎች፣ በ2022 በቴክሳስ በዩቫልዴ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን የተገደሉት ኤአር-15ን በመሰሉ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ነው። እኔን ጨምሮ ብዙ ወላጆችን ወደዚህ ገበያ የሚገፋን የእነዚህ ቀናት ትዝታ ሆኖ ሳለ፣ የገዛነው ዕቃ ግን በእነዚያ ቀናት የተተኮሰውን ጥይት የሚያቆም አይደለም። ይህ መረጃ በሻጩ ገጽ ላይ የሚገኘው ከታች፣ በደቃቅ ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛውን ሳምንት ሳጋምስ ልጄ በዚያ ቀን የሎክዳውን፣ ማለትም አጥቂ ቢመጣ በር ቆልፎ የመደበቅ፣ ልምምድ እንደነበራቸው ነገረችኝ። መምህሯ በሩን ቆልፋ መብራቱን ታጠፋለች፣ ልጆቹ ከበሩ በማይታየው ጥግ ወለል ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፣ ማንም አይናገርም። «ቦርሳሽስ የት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «ኮሪደር ላይ ነዋ፣ እማ፣ መስቀያው ላይ!» አለችኝ፤ ቦርሳ ይዞ ክፍል መግባት እንደማይፈቀድ የረሳሁ መስሏት በድጋሚ አስረዳችኝ። ያን ማታ አልተኛሁም። 139 ዶላር የከፈልኩበት ሰሌዳ፣ እሷ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብላ በነበረችበት ሰዓት፣ ከተቆለፈው በር ውጭ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ይህን ዕቃ ለመመዘን አደጋው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ እንዳለብኝ የገባኝ። በትምህርት ቤቶች የሚከሰቱ ተኩሶችን የሚመዘግበው የኬ-12 (ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ያለው) የመረጃ ቋት በ2022 እና በ2023 በእያንዳንዱ ዓመት ከ300 በላይ ክስተቶችን መዝግቧል፤ ይህም ከ2021 በፊት ከነበሩት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍ ያለ ነው። ቋቱ የሚቆጥረው መሣሪያ የተተኮሰበትን ብቻ ሳይሆን ለማስፈራራት የተመዘዘበትንና ከውጭ የተተኮሰ ጥይት የትምህርት ቤቱን ቅጥር የመታበትን ጭምር ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሁሉ እንደ ኮሎምባይን ያለ ታቅዶ የተፈጸመ ጥቃት ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ በመኪና ማቆሚያ፣ በኳስ ጨዋታ ማብቂያ ወይም በመውጫ ሰዓት የተነሣ ጠብ በአንደኛው ወጣት ወገብ ላይ ሽጉጥ ስለተገኘ ብቻ ወደ ተኩስ የተቀየረባቸው ናቸው። ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችን በመግደል የጦር መሣሪያ የመኪና አደጋን አልፎ የመጀመሪያውን ቦታ ይዟል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የሚሞቱት ከትምህርት ቤት ውጭ ነው።

መሣሪያው ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት የሚጠብቀው የመንግሥት ተቋም ሲክሬት ሰርቪስ በ2019 ያወጣው ጥናት መልስ አለው። ከ2008 እስከ 2017 የተፈጸሙ 41 የትምህርት ቤት ጥቃቶችን መርምሮ፣ መሣሪያ ከተጠቀሙት አጥቂዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ያገኙት ከወላጆቻቸው ወይም ከቅርብ ዘመዳቸው ቤት መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ረገድ ከአእምሮዬ የማይጠፋው በሚሺጋን ግዛት በኦክስፎርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኖቬምበር 30 ቀን 2021 የሆነው ነው። የ15 ዓመቱ ልጅ አባት ሽጉጡን የገዛው ከአራት ቀን በፊት ነበር። በዕለቱ ጠዋት መምህርቱ ልጁ በሒሳብ መልመጃ ወረቀት ላይ ሽጉጥና ደም ስሎ፣ እርዳታ የሚለምን ቃል ጽፎ አየች፤ ወላጆቹ ተጠሩ፣ ስብሰባ ተደረገ፣ ከዚያም ልጁ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ሽጉጡ ያኔ በቦርሳው ውስጥ ነበር፤ ቦርሳውን የከፈተ ሰው ግን አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ልጁ በከፈተው ተኩስ አራት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ሁለቱም ወላጆች በ2024 በቸልተኝነት ለሰው ሞት ምክንያት በመሆን ጥፋተኛ ተብለው ቢያንስ የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። እኔ ቦርሳ ውስጥ ምን ልጨምር ብዬ ስጨነቅ፣ ያ ቦርሳ ግን መከፈት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ልጆቹን እዚህ የሚያደርሳቸው ምንድን ነው ለሚለው አንድ ምክንያት ብቻ ማንሳት ስህተት ነው። ብዙዎቹ በእኩዮቻቸው የተበደሉ፣ በቤታቸው ችግር የነበረባቸው፣ ራሳቸውን ለማጥፋት ያሰቡና ከዚህ በፊት የተፈጸሙ ጥቃቶችን፣ በተለይም ኮሎምባይንን፣ እንደ አርአያ ያጠኑ ናቸው። ጉዳዩን የአእምሮ ሕመም ብቻ አድርገው የሚናገሩ ሰዎች ተመሳሳይ ሕመምና ተመሳሳይ በደል በሌሎች አገሮችም መኖሩን ይዘነጋሉ፤ የአሜሪካ ልዩነት በ2018 በተሰላ ግምት 393 ሚሊዮን የጦር መሣሪያ በሲቪሎች እጅ መገኘቱና ያም ከሕዝቡ ቁጥር መብለጡ ነው። በእርግጥ መሣሪያን ቤት ውስጥ መቆለፍ ሁሉንም ጥቃት አያስቀርም፤ የዩቫልዴው አጥቂ 18 ዓመት በሞላው በቀናት ውስጥ ጠመንጃዎቹን በሕጋዊ መንገድ ነው የገዛው። ሆኖም ከጥቃት በፊት ሰው ሳያውቅ የሚቀረው ጥቂት ነው። በ2002 የወጣው የሲክሬት ሰርቪስና የትምህርት ሚኒስቴር ጥናት ከአምስት ጥቃቶች በአራቱ ያህል ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው ዕቅዱን አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር አረጋግጧል። ኮሎራዶ ተማሪዎች ስማቸውን ሳይገልጹ የሚጠቁሙበትን ሴፍቱቴል የተባለውን አገልግሎት ያቋቋመችው ከኮሎምባይን በተማረችው ትምህርት ነው፤ ነፃ ነው፣ የልጄም ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይጠቀሙበታል። ከዚህ ሰሌዳ ጋር ለማወዳደር የሚበቃ ቢኖር እሱ ነው፣ ያለ ጥርጥርም ይበልጠዋል።

ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ጥያቄ ቤቴ ድረስ መጣ። ታላቅ ወንድሜ ሌሊት በነዳጅ ማደያ ስለሚሠራ ከሁለት ዓመት በፊት ሽጉጥ ገዝቷል፤ ልጄ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱ ቤት ነው የምትውለው። እንዲህ ያለ ነገር ታላቅን መጠየቅ ከባድ ቢሆንም ቡና ላይ ሳለን አነሣሁት።

«ጋሼ፣ ያ ዕቃ የት ነው የሚቀመጠው?»

«አትስጊ እባክሽ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው፣ ከላይ፤ ልጆች አይደርሱበትም» አለኝ።

የ13 ዓመቱ ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ወንበር አድርጌ እኮ አይቼዋለሁ» አለ። ወንድሜ ስኒውን አስቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ማናችንም ምንም አላልንም። በኮሎራዶ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቤት መሣሪያን ሳይቆልፉ ማስቀመጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ኋላ ላይ ስነግረው፣ ሲገዛ የሰጡትን የሽጉጥ መቆለፊያ ከነማሸጊያው ከመሳቢያ አውጥቶ አሳየኝ።

ስለዚህ ፍርዴ የሚከተለው ነው። ሰሌዳው ከአምስት ኮከብ ሁለት ይገባዋል። አሠራሩ ደህና ነው፣ የሽጉጥ ጥይት ሊመልስ ይችላል፤ ነገር ግን ሻጩ የጻፈው ማረጋገጫ አሳሳች ነው፣ የጠመንጃ ጥይት አይመልስም፣ በልጅ ቦርሳ ውስጥ በቦታው አይቆይም፣ ቦርሳው በሚያስፈልግበት ሰዓት ደግሞ ከልጁ ጋር አይሆንም። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ እንዲገዛ ለማንም አልመክርም። ቦርሳውን ቀኑን ሙሉ ጀርባው ላይ አድርጎ የሚውል የኮሌጅ ተማሪ ያለው ወላጅ ከፈለገ፣ ኪሱ ሰሌዳውን አጥብቆ መያዙን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ሻጩ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ስለሚፈቅድ በ22ኛው ቀን መለስኩት፤ የመላኪያውን 11 ዶላር ግን እኔው ነኝ የከፈልኩት። በተመለሰልኝ ገንዘብ በቁጥር የሚከፈት ትንሽ የብረት ሣጥን ገዝቼ ቅዳሜ ወደ ወንድሜ ቤት ወሰድኩ። ልጆቹ ውጭ ሲጫወቱ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ፣ ቁጥሩን ለብቻው መረጠ፣ ሲወጣም ለእኔ እንኳ አልነገረኝም።