የዳማ ፈረሳችንን እግር ላዳነችልን ሐኪም

ይህን የምጽፈው በአባቴ ስም ነው። «ለዚያች ልጅ አንድ ነገር ጻፍላት፣ ሰው ይወቃት» ሲለኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። አባቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋሪ ነጂ ነው። እኔንም እህቶቼንም ያስተማረን በጋሪ ነው። ስለዚህ የፈረሱ እግር ታመመ ማለት ቤታችን ታመመ ማለት ነው።

ፈረሳችን ዳማ ነው፤ ሁለቱ የኋላ እግሮቹ ግን ነጭ ናቸው፣ ካልሲ ያደረገ ይመስላል። ሐምሌ ላይ ከሰኮናው በላይ፣ ከኋላ በኩል ባለው እጥፋት፣ ትንንሽ ቅርፊት ወጣበት። ጭቃ የደረቀበት መስሎን ተውነው። በሳምንቱ እግሩ አበጠ፣ ማነከስ ጀመረ፣ ስንነካው ይራገጣል።

ከዚያ ምክር በምክር ሆንን። አንዱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት አለ፤ ቀባነው። ሌላው በጋለ ብረት ይተኮስ አለ፤ እሱን እንኳን አባቴ እምቢ አለ። አንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ ፈረሱን ሳያይ መርፌ ሸጠልን፤ ስንት መውጋት እንዳለብንም በቅጡ አልነገረንም። ባሰበት። አባቴ ማታ ማታ መብላት አቆመ። ንድፍት የሚባለው የፈረስ በሽታ ነው ብሎ ፈርቶ ነበር። ጋሪ ቤት ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ንድፍት የገባበት ፈረስ ስንቱን ባለጋሪ ባዶ እጁን አስቀርቷል።

በመጨረሻ ከተማችን ወዳለው የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው። ያገኘናት ሐኪም ወጣት ናት። ጓንቷን አድርጋ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ መጀመሪያ የታመመውን ቦታ አልነካችም። ከቁርጭምጭሚቱ ጀምራ በእግሩ ውስጠኛ በኩል ወደ ላይ በጣቷ እየዳበሰች እስከ ብሽሽቱ ወጣች። ከዚያ ደረቱን፣ አንገቱን። አባቴ ትንፋሹን ይዞ ያያታል። «አባባ፣ ንድፍት አይደለም» አለችው። ንድፍት ቢሆን ኖሮ እብጠቱ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በመስመር ተደርድሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ እየፈረጠም ይመግላል። ንድፍትን የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ በቁስል በኩል ይገባል፣ በዝንብና በጋራ በሚጠቀሙበት ዕቃ ይተላለፋል። ይህን ሁሉ ቀስ ብላ አስረዳችን። አባቴ ዞር ብሎ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

ቀጥላ አንዱን ቅርፊት በሞቀ ውሃ አርሳ ቀስ ብላ አነሳችው። ከነፀጉሩ ነቅሎ መጣ፤ የቀለም ብሩሽ ነው የሚመስለው። ከሥሩ ቢጫ መግልና ቀይ ቆዳ። ቆዳው ቀን ከሌት ሲረጥብ ይላላል፣ ይሰነጠቃል፣ ያኔ ደርማቶፊለስ የምትባል ባክቴሪያ ትገባበታለች አለች። ነጭ እግር ላይ ደግሞ ይብሳል።

አባቴ ዳማውን በየማታው ወደ በሬሳ ወንዝ ወስዶ እግሩን ያጥበው ነበር። ከድካሙ በኋላ፣ በብርዱ፣ ለፈረሱ ብሎ። እግሩ ሳይደርቅ ያድራል፣ ጠዋት እንደገና ጭቃ። ሌላ ሰው ቢሆን «አንተ ነህ ያሳመምከው» ይለው ነበር። እሷ ግን «አባባ፣ ጭቃው ይድረቅና በብሩሽ ያራግፉለት። ውሃው ነው የጎዳው» ብቻ አለችው። ስለ ዘይቱም አልተቆጣችም። ዘይት እርጥበቱንም ጀርሙንም ከውስጥ እንደሚያፍን ነገረችን፤ በሳሙና አጥባ አስለቀቀችው።

ሕክምናው ውድ ነገር አይደለም። ፀጉሩን በመቀስ አሳጥራ ቆረጠች። ቤታዲን የሚባለው የቁስል መድኃኒት በውሃ ቀጥኖ፣ ቀጭን ሻይ እስኪመስል። እግሩን በዚያ ማራስ፣ አስር ደቂቃ መጠበቅ፣ የላላውን ቅርፊት ብቻ ማንሳት፣ ያልላላውን በግድ አለመላጥ፣ ማለቅለቅ። ከዚያ ማድረቅ። ማድረቁ ላይ እንደ ዘበኛ ነው የቆመችብን። አባቴ አሮጌ ጋቢውን ቀደደና ለእያንዳንዱ እግር የየራሱን ጨርቅ አደረገለት፤ አንዱ ከሌላው እንዳይጋባ። ወደ ሰውም ሊተላለፍ ስለሚችል እጃችንን በሳሙና እንድንታጠብ አስጠነቀቀችን። እብጠት ስለነበረው ደግሞ የአንቲባዮቲክ መርፌ ራሷ ወጋችው፤ የፈረሱን የደረት ዙሪያ በሜትር ለክታ፣ ክብደቱን ከዚያ ገምታ ነው መጠኑን ያወጣችው። የከፈልነው የካርድና የመድኃኒት ብቻ ነው።

ጋጣውንም እንድንቀይር መከረችን። ወለሉን በድንጋይ ከፍ አድርገን የገብስ ጭድ ጎዘጎዝን። አባቴ ሥራ ካቆመ አስር ቀን ሆኖት ነበር፤ በዚያ ኑሮ ቀላል አይደለም። እሷ በመሃል ሁለት ጊዜ ከሥራ ስትወጣ በእግሯ ቤታችን መጥታ አየችው። ማንም አላዘዛትም። አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ነው የመጣችው። እናቴ ቡና ካልጠጣሽ አትሄጂም ብላ አስቀመጠቻት፤ እሷ ግን ሲኒውን ይዛ ጋጣ ገባች።

በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ፀጉር በቀለ። ዛሬ ዳማው ጋሪውን እየጎተተ ነው።

ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም። ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ ባለጋሪዎች፣ ክሊኒኩ ሄዳችሁ «የፈረስ እግር የምታየዋ ሐኪም» በሉ፤ ያሳዩዋችኋል። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት ለመስክ ሥራ ትወጣለች። ከመሄዳችሁ በፊት እግሩን አትጠቡት፣ ምንም አትቀቡት። እንዳለ ልታየው ትፈልጋለች።