አራት ከተማ፣ 24 ቅሬታ፦ ዩንሲቭ ለጀማሪ ምን ያህል ይመቻል?

ክረምት ላይ ጅማ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ የሚቀረው ስልኩ ላይ ያለችው ባትሪ ናት። ከተማ እየቆረቆሩ አገር የሚገነቡበት ዩንሲቭ የተባለው የስልክ ጨዋታ ለእንዲህ ዓይነቱ ምሽት የተሠራ ይመስላል። አንዴ ከፕሌይ ስቶር ወይም ክፍት ኮድ ያላቸው አፖች ከሚገኙበት ከኤፍድሮይድ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ማስታወቂያ የለውም፣ ክፍያም የለውም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የጨዋታው ሕግ በአብዛኛው የተቀዳው ከታዋቂው የኮምፒውተር ጨዋታ ከሲቪላይዜሽን 5 ነው። አጨዋወቱ በተራ ስለሆነ «ኔክስት ተርን» እስክትሉ ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም። ጀበናው እስኪወርድ አምስት ተራ ተጫውቶ መዝጋት ይቻላል፤ በየተራው ራሱ ሴቭ ያደርጋል።

መልኩ ላይ ብዙ አትጠብቁ። ካርታው ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች፣ ወታደሩም ትንሽ ምልክት ነው። በዚህ ምክንያት ያረጀ ስልክም ይሸከመዋል። ካርታውን ካሰፋችሁና ተቀናቃኝ ካበዛችሁ ግን ወደ መጨረሻው በየተራው መጠበቅ ይመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ «ታይኒ» ወይም «ስሞል» ካርታና ሦስት ተቀናቃኝ ይበቃል። የክብደት ደረጃው ከቀላሎቹ አንዱ የሆነው «ቺፍተን» ይሁን። ሕጉን ስትመርጡ «ጎድስ ኤንድ ኪንግስ» የሚለውን ያዙ፤ ኢትዮጵያ ያለችው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጀማሪን የሚጥለው የጎረቤት ጦር እየመሰለው ስንት ሰው ግንብ ሲያጥር ይውላል! የሚጥለው ከላይ በኩል ያለችው የፈገግታ ምልክት ናት፤ የሕዝቡ ደስታ። ሒሳቡ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ከተማ 3 ቅሬታ ይወልዳል፣ እያንዳንዱ ነዋሪ ደግሞ 1። መካከለኛው ደረጃ «ፕሪንስ» ላይ መነሻችሁ 9 ደስታ ነው፤ ቀለል ባሉት ደረጃዎች ከፍ ይላል። እንደ ሐርና ቅመም ያለ እያንዳንዱ የቅንጦት ዕቃ 4 ይጨምራል። አራት ከተማ ቆርቁራችሁ በየከተማው ሦስት ነዋሪ ቢኖር 12 ለከተሞቹ፣ 12 ለነዋሪዎቹ፣ በድምሩ 24 ቅሬታ ነው። ይህን ለመሸፈን አራት ዓይነት የቅንጦት ዕቃ ያስፈልጋል፦ 9 ሲደመር 16፣ 25። የምትተርፈው አንዲት ነጥብ ናት። ከዜሮ በታች ስትወርዱ የከተሞቹ እድገት በ75 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ10 ነጥብ በላይ ወደ ታች ከሄዳችሁ ጭራሽ ይቆማል፣ አዲስ ከተማ የሚቆረቁረውን ሰፋሪ መሥራትም አትችሉም።

«ዓይነት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ከባድ ነው። ሁለተኛ ሐር ደስታ አይጨምርም። ትርፉን ለጎረቤት ሰጥታችሁ እሱ የተረፈውን ሌላ ዕቃ አንድ በአንድ ተለዋወጡ፤ ስምምነቱ በመደበኛው ፍጥነት 30 ተራ ይቆያል። ሲያልቅ ደስታው በድንገት ይወርዳል፤ ብዙ ጀማሪ «ምን ሆነብኝ?» የሚለው ያኔ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 50 ተራዎች የሚያስፈልጋቸው ጥንቃቄ ከዚያ በኋላ ካለው ሁሉ ይበልጣል። ዋና ከተማውን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ተራ ቆርቁሩ፤ የተሻለ ቦታ ፍለጋ አትዙሩ። ወንዝ ዳር ያለ ኮረብታ ከተገኘ አትለፉት፤ ኮረብታ ላይ ያረፈ ከተማ ከመሬቱ በሜዳ ከሚያገኘው 1 ምርት (ሕንፃና ጦር የሚሠራበት ነጥብ) ይልቅ 2 ያገኛል። ከዚያ አንድ «ስካውት»፣ ማለትም ቃኚ፣ ሥሩ፤ 25 ምርት ብቻ ይበላል፣ ፍርስራሽ እየለቀመ ጎረቤቶቻችሁን ያሳያችኋል። ቀጥሎ ባህል የሚሰጠው ሐውልት ይምጣ፣ 40 ነው። ሰፋሪው፣ ጌሙ «ሴትለር» የሚለው፣ 106 ምርት ይጠይቃል። እሱ እየተሠራ ከተማው አያድግም፤ የተረፈው ምግብ ወደ ምርት ይገለበጣል። አንድ ነዋሪ ብቻ ያለው ከተማ ሰፋሪ መሥራት አይፈቀድለትም፣ ሁለት ሲሆን ግን ይፈቀዳል። ጀማሪው ሁለት እንደሞላ ይጀምርና ሃያ ተራ ያህል ቆሞ ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሦስት ወይም አራት ነዋሪ እስኪሞላ ጠብቁ።

በሁለት ከተሞች መካከል ቢያንስ ሦስት ቁራጭ መሬት መኖር አለበት። ከተማው የሚያርሰው እስከ ሦስተኛው ዙር ድረስ ነው። በጣም አራርቆ መቆርቆር መሬት ጦም ማሳደር ነው። አዲሱ ከተማ ገና ያልያዛችሁትን የቅንጦት ዕቃ ማቀፉን ደግሞ ሳታረጋግጡ ሰፋሪውን አታንቀሳቅሱ። ሠራተኛው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ዕቃ ነው፤ እርሻው በኋላ ይደርሳል። ዕውቀቱ ከሌላችሁ ግን ሠራተኛው ቆሞ ያያል፦ ሐርና ቅመም የሚለማው «ካሌንደር» ሲጠና፣ የዝሆን ጥርስ «ትራፒንግ»፣ እብነ በረድ «ሜሶንሪ» ሲጠና ነው። መንገድ አታብዙ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በየተራው 1 ወርቅ ይበላል። በቅንብሩ ውስጥ ከተማው የሚሠራውን ራሱ እንዲመርጥ የሚያደርገው ምልክት በርቶ ካገኛችሁት አጥፉት፤ በእሱ እየተጫወቱ መማር የለም።

ባህል ሲጠራቀም ከሚከፈቱት የፖሊሲ መስመሮች ለጀማሪ የሚሻለው «ትራዲሽን» ነው። ውስጡ ያለው «ሊጋሊዝም» ለመጀመሪያዎቹ አራት ከተሞች የባህል ሕንፃ በነፃ ይሰጣል። ስለዚህ ሊጋሊዝም ከደረሰ በአዲሶቹ ከተሞች ሐውልት ለመሥራት ምርት አታባክኑ። ኢትዮጵያን ለመረጠ ይህ ድርብ ነው፤ በተራው ሐውልት ፋንታ ያላት ስቴሌ በየተራው 2 ባህልና 2 እምነት ስለምትሰጥ፣ 10 እምነት የሚጠይቀው የመጀመሪያው ፓንቴዮን (የሃይማኖት መነሻው) በአምስት ተራ ይሞላል። «የአድዋ መንፈስ» የተባለው ችሎታዋ ደግሞ በከተማ ብዛት ከሚበልጣት ጋር ስትዋጋ 20 በመቶ ጉልበት ይጨምርላታል። ሦስት አራት ከተማ ይዞ መቀመጥ ለእሷ ድክመት አይደለም።

አንድ ወጥመድ አለ። «ናሽናል ኮሌጅ» የከተማውን ሳይንስ በ50 በመቶ የሚያሳድግ ሕንፃ ነው፤ ግን በሁሉም ከተሞቻችሁ ላይብረሪ ካልቆመ አይከፈትም። ሊጀመር ሲል አምስተኛ ከተማ የቆረቆረ ሰው እዚያም 75 ምርት የሚበላ ላይብረሪ መጠበቅ ግዴታው ነው። ወይ ከኮሌጁ በፊት ከተሞቻችሁን ቆርቁራችሁ ጨርሱ፣ ወይ ኮሌጁ እስኪያልቅ ሰፋሪውን አቆዩት።

ጦርነት ላይ አጭር ነገር ይበቃል። ቀስተኛ ከሁለት ቁራጭ ርቀት ሲመታ አይቆስልም፤ ከተማ መያዝ ግን አይችልም። አራት ቀስተኛ ይዞ ከተማውን ዜሮ አድርሶ የሚገባበት እግረኛ የሌለው ጀማሪ ብዙ ነው። ከተማውም እስከ ሁለት ቁራጭ ድረስ ስለሚተኩስ የቆሰለውን ወደ ኋላ መልሱት።

ትንንሾቹን ከተማ-መንግሥታት አትውረሩ። ወርቅ በመስጠት ከሚገኘው የወዳጅነት ነጥብ 30 ወዳጅነት፣ 60 አጋርነት ነው፤ አጋር ሲሆኑ የቅንጦት ዕቃቸው ለእናንተም ይቆጠራል፣ የቅሬታው 3 ነጥብ ግን አይመጣባችሁም። ነጥቡ በየተራው ስለሚቀንስ 250 ወርቁን አጋርነቱ ሊያልፍባችሁ ትንሽ ሲቀር ስጡ። ለጅማ ተጫዋች ይህ እንግዳ አይሆንበትም፦ አባ ጅፋር 2ኛ ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል፣ ጅማም ያንን ያጣችው በ1932 እ.ኤ.አ. ነው።

ጉድለቱስ? ኮምፒውተሩ በውጊያ ደካማ ነው፤ ቀስተኛውን ከፊት እያሰለፈ ያስጨርሳል። ከሦስት አራት ጨዋታ በኋላ «ቺፍተን» ይቀላችኋልና ወደ «ፕሪንስ» ውጡ። የመማሪያ ጽሑፉ አጭር ነው፤ ዝርዝሩ የጨዋታው መዝገበ ዕውቀት በሆነው «ሲቪሎፒዲያ» ውስጥ አለና ሕንፃ ከመጀመራችሁ በፊት ክፈቱት። ቡና ደግሞ ጭራሽ የለም! ዕጣን፣ ወይን፣ ሐር ሁሉ ተዘርዝሮ ቡና መቅረቱ ከዚህ ከተማ ሲታይ ይቅር የማይባል ነው።

በአንድ ስልክ ለሁለት መጫወትም ይቻላል፤ አዲስ ጨዋታ ሲከፈት ሁለተኛውን ተጫዋች «ሂውማን» አድርጉትና ተራ ሲደርስ ስልኩን ማቀበል ነው። ጓደኛችሁ ሩቅ ከሆነ የተቀመጠውን ጨዋታ ኮፒ አድርጋችሁ በቴሌግራም ላኩለት፤ እሱ ተራውን ጨርሶ ይመልሳል። ኮፒ ሲደረግ የሚወጣው ጽሑፍ ረጅም ስለሆነ በፋይል መላኩ ይሻላል፤ መሃሉ ከተቆረጠ አይከፈትም።