ከ423 ያላቀቀኝ ሥልጠና፦ በደብረ ብርሃን ስለተሰጠ የመመረቂያ ጽሑፍ ዝግጅት

በዓለም አቀፍ ጤናና በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ለሚሠሩ ተማሪዎች ተብሎ ደብረ ብርሃን ውስጥ በኪራይ አዳራሽ የተሰጠውን የመመረቂያ ጽሑፍ ዝግጅት ሥልጠና በሁለት ተከታታይ ቅዳሜና እሑድ ተከታትያለሁ። የምሠራው ደብረ ሲና አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ስለሆነ፣ በየሳምንቱ ጣርማ በርን በጉም ውስጥ እየወጣሁ የደረስኩበት ሥልጠና ለከፈልኩት ገንዘብና ለደከምኩት ድካም ይመጥናል ወይ ብለው ለጠየቁኝ ባልደረቦቼ ሁሉ መልሴን እዚህ ላይ በአንድነት አስፍሬዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ብቻውን ክፍያውን ያህላል። አሠልጣኙ የሁላችንንም ርዕስ በሰሌዳው ላይ ሲጽፍ፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም «ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» በሚል ሐረግ የተሠሩ ሆነው ተገኙ፤ የእኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበር። አሠልጣኙ አልሳቀብንም። ይልቁንም «ይህ ጥናት ቢያልቅ፣ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማን፣ የትኛውን ሥራውን ይቀይራል?» እያለ እያንዳንዳችንን በየተራ ጠየቀን። እኔ ይዤ የሄድኩት ርዕስ በባዶ እግር ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በመኖርና በማረስ የሚመጣውን የእግር ዝሆኔ፣ ማለትም ፖዶኮኒዮሲስን የሚመለከት ነበር፤ ጥያቄው ግን ሕመሙ ስንት ሰው ይዟል ከሚለው ወጥቶ፣ ሕሙማኑ እግራቸውን በየቀኑ እንዲያጥቡ ከተማሩ በኋላ ለምን ያቋርጣሉ ወደሚለው ተለወጠ። የገጠር ወረዳ ችግር «ዓለም አቀፍ» ሊባል ይችላል ወይ ለሚለው ጥርጣሬም አሠልጣኙ ያንኑ ሕመም ምሳሌ አድርጎ፣ በካሜሩንና በሩዋንዳ ደጋዎችም ያሉ ጫማ የሌላቸው ገበሬዎች በተመሳሳይ መንገድ እንደሚጎዱና ጉዳዩን ዓለም አቀፍ የሚያደርገው የተማሪው ጉዞ ሳይሆን የችግሩ ስፋትና የፍትሕ መጓደሉ መሆኑን አስረዳን።

ሁለተኛው ቀን የናሙና መጠን፣ ማለትም ለጥናቱ ስንት ሰው መጠየቅ እንደሚያስፈልግ የሚሰላበት ነበር፤ እዚህ ላይ 423ን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ስርጭቱ (ሕመሙ ከሕዝቡ የያዘው ድርሻ) 50 በመቶ ነው፣ የስህተት ወሰኑ (ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዛነፍ የሚችልበት መጠን) 5 በመቶ ነው፣ የመተማመኛ ደረጃው 95 በመቶ ነው ብሎ የሚያሰላ ሁሉ 384 ሰው ያገኛል፤ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨምርበት ደግሞ 423 ይሆናል። ይህን ቁጥር ከቀደሙት ተማሪዎች ጽሑፍ ላይ ገልብጠን ስንጠቀምበት ኖረናል። አሠልጣኙ ግን ከመቶ ሰው አራቱን ብቻ የሚይዝ ሕመም ላይ የ5 በመቶ ወሰን ብንወስድ ግምታችን ከዜሮ በታች እንደሚወርድ በሰሌዳው ላይ አሳየን፤ ወሰኑን ወደ 1 በመቶ ስናጠብበው የሚያስፈልገው ሰው 1,476 ሆነ። ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ዝምታ የገንዘብ ዝምታ ነበር፤ ሁሉም የመረጃ ሰብሳቢ አበል እያሰላ ነበርና። በኮፒ ቤቶች ደጃፍ ተሠርቶ የሚሸጥ ፕሮፖዛል (የጥናት ዕቅድ) የሚገዛ ተማሪ እንዲህ ያለውን ስሌት በዲፌንስ ቀን፣ ሥራውን በፈታኞች ፊት ሲከላከል፣ እንዴት እንደሚመልስ አላውቅም።

ከሁሉ ይበልጥ የወደድኩት ግን ሦስተኛውን ቀን ነው። አሠልጣኙ ራሱን አዛውንት ገበሬ አድርጎ ወንበር ላይ ተቀመጠና መጠይቃችንን በእሱ ላይ እንድንሞክር አዘዘን። አንዲት ሠልጣኝ «አባባ፣ ጫማ ያደርጋሉ?» ስትለው «አዎ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አደርጋለሁ» አላት፤ እሷም «አዎ» የሚለውን ምልክት አድርጋ አለፈች። ቀጥሎ የተነሣው ልጅ «አባባ፣ ትናንት ሲያርሱ እግርዎ ላይ ምን ነበረ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «ኧረ ማን በጫማ ያርሳል ልጄ፣ ጭቃው ይይዘዋል» የሚል መልስ አገኘ። በእንግሊዝኛ የተጻፈን መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሶ፣ ከዚያም ሌላ ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ማድረግ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ በፊት ብዙ ሰምቻለሁ፤ የገባኝ ግን በትርጉም የማይታረም ጥያቄም እንዳለ ባየሁበት በዚያች ቅጽበት ነው።

የመጨረሻው ቀን በጣም ተጣድፏል። ስለ ሥነ ምግባር ፈቃድ የተሰጠው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር፤ ማንበብ የማይችል ተሳታፊ ስምምነቱ በምስክር ፊት ተነቦለት በጣት አሻራው እንዴት እንደሚፈርም የተነገረው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው። የሥራ ዕቅድ ሰንጠረዡ ደግሞ ከእኛ አገር የቀን አቆጣጠር ጋር አይተዋወቅም። መረጃ ማሰባሰቢያው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ተመድቦ ነበር፤ ያ ወቅት የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው። ከመንዝ የመጣ አንድ ሠልጣኝ ገበሬን ቤቱ ማግኘት የሚፈልግ ሰው በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም ወይም በ29 በበዓለ ወልድ ከቅዳሴ በኋላ ቢሄድ እንደሚሻለው ሲናገር፣ ይህ ከሰንጠረዡ ሁሉ የበለጠ ጠቀመን። በአንድ ሳምንት ይመለሳል የተባለልን የረቂቅ አስተያየትም የደረሰኝ ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ የተሰጠኝ አስተያየት ጥሩ ቢሆንም አማካሪዬ ያን ጊዜ ረቂቁን አይቶ ጨርሶ ነበር። የተሰጠን ጥራዝ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ የቀመሮቹ ጠርዝ ተቆርጧል።

ርዕሱን ላልጨረሰ ተማሪ ሥልጠናውን እመክራለሁ፤ ፕሮፖዛሉ ጸድቆለት ወደ መስክ ሊወርድ የተነሣ ሰው ግን ከሦስተኛው ቀን በቀር ብዙ አያገኝበትም። በቀጣዩ ዙር የሚገባ ሰው የራሱን መጠይቅ በአማርኛ አሳትሞ ይያዝ፤ አዳራሹም ማሞቂያ የለውምና ጋቢ አይርሳ።