ለደቻቱ ዳር ግንብ ወይስ ጋቢዮን?

ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር በእግሩ ያቋርጠዋል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ጋራው ላይ ከዘነበ ግን ጉድ ፈላ። በሐምሌ 1998 ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል።

ታዲያ ዳሩን በምን እንከልል?

የድንጋይ ግንብ ቦታ ይቆጥባል፤ ቁመቱንም እንደልብ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ቤቶች ወንዙ አፍ ድረስ በተጠጉበት መሃል ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ከሥር ነው። ጎርፉ አሸዋውን እየጠረገ መሠረቱን ያራቁተዋል። ግንብ ደግሞ መታጠፍ አያውቅም፤ ይሰነጠቅና በአንዴ ይገነደሳል። ከጀርባው የሚጠራቀመው ውሃም ይገፋዋል። ለዚህ የሚተዉት ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በቆሻሻ ሲደፈኑ ማን ዞር ብሎ ያያል?

ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የታጨቀበት የሽቦ ሳጥን፣ ውሃ ያሳልፋል። ከሥሩ አሸዋ ሲሸሽ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይፈርስም። ሲሚንቶም አይፈልግም። ግን ጎርፉ የሚያንከባልለው ቋጥኝ ሽቦውን ይበጥሰዋል፤ ዝገትም አለ። አንድ ሳጥን ከተቀደደ ድንጋዩ ይዘረገፋል። ሰፊ ቦታም ይበላል።

እኔን ብትጠይቁኝ መሃል ከተማው ላይ ግንብ፣ ያውም መሠረቱ ጠለቅ ያለ፣ እግሩ ሥር ጋቢዮን የተነጠፈለት። ከከተማው በላይ፣ ቦታ ባለበት፣ ጋቢዮን ይበቃል። ሽቦውንና ቀዳዳዎቹን ግን ክረምት ሳይገባ የሚፈትሽ ሰው ይመደብ፤ ከነበጀቱ።