የማታ የኳንቲቲ ሰርቬየር ሥልጠና፦ ፌሮውን ቆጠርን፣ ዋጋው ላይ ቀረን

ሃያ ዓመት ገደማ ሳይት ላይ ኖሬያለሁ። በፌራዮነት፣ ማለትም ፌሮ (ኮንክሪት ውስጥ የሚገባውን ብረት) ቆራጭና አሳሪ ሆኜ ጀምሬ ፎርማን ሆንኩ። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እንቢ ሲለኝ ባለቤቴ «አንተ የምትሠራውን ቁጭ ብለው የሚለኩት ሰዎች አሉ አይደል? የእነርሱን ሥራ ተማር» አለችኝ። የምትላቸው ሰዎች ፕላን ዘርግተው ሕንፃው ስንት ሜትር ኩብ ኮንክሪት፣ ስንት ኪሎ ብረት እንደሚበላ የሚያሰሉት፣ ዋጋውንም የሚተምኑት ኳንቲቲ ሰርቬየሮች ናቸው። በጥቅምት 2017 ሜክሲኮ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለ ማሠልጠኛ ተመዘገብኩ። ስሙን አልጠራም። የምወቅሰው ነገር አለ፤ ጎረቤቶቹም ከእርሱ የተሻሉ አይመስሉኝም።

ክፍያው 8,500 ብር ነበር፤ አሥር ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ማታ፣ ከ11:30 እስከ 1:30። በራሪ ወረቀቱ ግርጌ ላይ በትልቁ «ሲጨርሱ ሥራ እናስቀጥራለን» ይላል። ወደዚህ ዓረፍተ ነገር እመለሳለሁ።

ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሦስት ነበርን። አብዛኞቹ በሲቪል ምህንድስና ወይም በኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ተመርቀው ሥራ ያላገኙ ልጆች ናቸው። ከቴክኒክና ሙያ የመጡ ሦስት፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ ዱባይ ለመሄድ ያሰበች አንዲት ወጣት፣ እና እኔ። ልጆቹ «ጋሼ» ይሉኛል። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተቀምጠው የልኬት ቅጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሞልተው አለማወቃቸው አስደነቀኝ። እኔም በተራዬ ኤክሴል ከፍቼ የመደመሪያውን ምልክት ስፈልግ አስቂያቸዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ገንዘባቸውን ያወጣሉ። አስተማሪው ወጣት ነው፤ ትዕግሥተኛ። ቅጹ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም፣ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ ከዚያ ብዜቱንና መግለጫውን በየዓምዱ እየሞላን፣ ከመሠረት ቁፋሮ ተነስተን ጣሪያ ደረስን። ከግድግዳ ላይ በርና መስኮት መቀነስ የማይረሳው ሰው ጥቂት መሆኑን እዚያ አየሁ። ሳይት ላይ ኮንክሪት በሳጥን ነው የምንሰፍረው፤ ወረቀቱ ግን ሲ-25 ለሚባለው የኮንክሪት ደረጃ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይላል፣ ሰባት ከረጢት ተኩል ሳይሞላ መሆኑ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ራሴ ውስጥ የተገናኙት በዚያ ሰሞን ነው።

አንድ ማታ ግን ተጋጨን። የቢም (የአግዳሚ ተሸካሚ) ፌሮ እያሰላን ነበር፤ ባለ 12 ሚሊ ሜትር፣ እያንዳንዱ 6.20 ሜትር፣ ብዛቱ 20። አስተማሪው ሰሌዳው ላይ 124 ሜትር ጻፈ። አንዱ ሜትር 0.888 ኪሎ ነው፤ 110 ኪሎ ሆነ። ለብክነት አምስት በመቶ ጨመረ፤ ወደ 116 ኪሎ፣ በፌሮ ቁጥር 11 ፍሬ። ልጆቹ ሁሉ 11 ብለው ጻፉ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ስንት አገኙ?» አለኝ።

«ሃያ።»

ክፍሉ ሳቀ። ተነስቼ ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመርኩ። ፌሮ ከፋብሪካ የሚመጣው 12 ሜትር ሆኖ ነው። ከ12 ሜትር ላይ 6.20 ስትቆርጥ የሚተርፈው 5.80 ነው፤ ሁለተኛ አይወጣውም፤ አርባ ሳንቲ ሜትር ይጎድለዋል። ለሃያ ቁራጭ ሃያ ፌሮ ይቆረጣል። አሥራ አንድ ይዘህ ሳይት ብትመጣ በአሥራ ሁለተኛው ላይ ፌራዮው መቁረጫውን አስቀምጦ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል።

አስተማሪው ዝም ብሎ ሰሌዳውን አየ። ከዚያ «የተረፈው 5.80 ሌላ ቢም ላይ ይገባ ይሆናላ» አለ። እውነቱን ነው። እኔም ሳይት ላይ የማደርገው ያንን ነው፤ ነገር ግን የሚገባበት ቢም መኖሩን ለማወቅ የሕንፃውን ፌሮ በሙሉ በአንድ ላይ ዘርዝሮ አቆራረጡን ማቀድ ይፈልጋል፤ አምስት በመቶ ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ በሚቀጥለው ማታ የአቆራረጥ ዝርዝር አዘጋጅቶ መጣ። ይህን በማድረጉ ብቻ ከአሥር ሁለት ነጥብ ጨምሬለታለሁ።

ችግሩ የመጣው ዋጋ ስንጀምር ነው። ለአንድ ካሬ ግንብ ማቴሪያሉን፣ የሰው ጉልበቱን፣ መሣሪያውን ደምሮ በላዩ የቢሮ ወጪና ትርፍ መጫን ነው ሥራው፤ ይህን በደንብ አስረዱን። የተሰጠን የዋጋ ዝርዝር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት የተዘጋጀ ነበር። በዚያች ቀን ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ዘለለ፤ እኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሳለን ከ120 አልፎ ነበር። በቆርቆሮው፣ በኬብሉ፣ በሴራሚኩ ዋጋ ሁሉ አሮጌውን ቁጥር እየጻፍን ተለማመድን። ስጠይቅ «መርሁን ያዙ፣ ቁጥሩን ገበያው ይሰጣችኋል» ተባልኩ። ገበያው እንዴት እንደሚሰጥ ማሳየት ግን የማን ሥራ ነበር? ግንበኛ በቀን ስንት ካሬ እንደሚገነባ እንኳ ከሰንጠረዥ ገልብጠን አለፍን፤ ግንበኛው ብሎኬቱን በትከሻው ወደ አራተኛ ፎቅ ሲያወጣና መሬት ላይ ቆሞ ሲሠራ አንድ ዓይነት ይመስል።

አንድ ቅዳሜ ከባንኩ ልጅ ጋር ተክለ ሃይማኖት ወርደን የባለ 12 ፌሮ ዋጋ ጠየቅን። ሦስት ሱቅ፣ ሦስት ዋጋ። ሦስተኛው ነጋዴ መልስ ከመስጠቱ በፊት «በደረሰኝ ነው ወይስ ያለ ደረሰኝ?» አለን። የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጉዳይ ነው፤ ለጨረታ ዋጋ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ጥያቄ ካልሰማ ገና ሳይጀምር ከስሯል። ከሥልጠናው መማሪያ ወረቀቶች በአንዱም ላይ የለም።

አሁን ወደ «እናስቀጥራለን» ልመለስ። ስንጨርስ የምስክር ወረቀትና የአንድ ቴሌግራም ቻናል አድራሻ ሰጡን። ቻናሉ የሚለጥፈው አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቼ ያነበብኳቸውን ማስታወቂያዎች ነው። ከእነርሱ የተረዳሁትን ልንገራችሁ። «ኳንቲቲ ሰርቬየር» ብሎ የሚጽፈው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው «ኦፊስ ኢንጂነር» ይላል፤ ልኬቱንም፣ የክፍያ መጠየቂያ ሰርተፊኬቱንም፣ ደብዳቤውንም አንድ ሰው እንዲሠራ ማለት ነው። ዲግሪና የአራት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ደመወዝ በስምምነት። ልጆቹ ዲግሪው አላቸው፣ ልምዱ የላቸውም። እኔ ልምዱ አለኝ፣ ዲግሪው የለኝም። ሁለታችንን አንድ ላይ ቢቀጥሩን አንድ ሙሉ ሰው እንወጣ ነበር። ተቋራጮች ሰው የሚፈልጉት ጨረታ ሲደርስና ክፍያ የሚጠየቅበት ጊዜ ሲመጣ ነው፤ በመሃል ያለው ወር ለገማች ባዶ ነው።

ከሥልጠናው ወዲያው የተጠቀመው የባንኩ ልጅ ነው፤ ባንኮች ለብድር ዋስትና የሚቀርብ ቤት የሚገምት ሰው ስለሚያስፈልጋቸው ከነበረበት ክፍል ወደዚያ ተዛወረ። እርሱ ግን ሲመዘገብም ሥራ ነበረው። ዱባይ የምታስበዋ ልጅ እዚያ የሚሠራበት የልኬት ደንብ የእንግሊዞቹ እንደሆነ በስምንተኛው ሳምንት ስትሰማ ደብተሯን ዘጋች፤ ሲመዘገቡ ሊነግሯት ይገባ ነበር።

ፕላን ማንበብ ለሚችልና ልኬቱን ማስተካከል ለሚፈልግ ሰው ቦታው ጥሩ ነው። ለበራሪ ወረቀቱ ግርጌ ብሎ የሚሄድ ካለ ገንዘቡን ይያዝ። ከአሥር ስድስት እሰጠዋለሁ፤ ሁለቱ የዚያች የፌሮ ማታ ናቸው።

ባለፈው ወር አንድ የማውቀው አነስተኛ ተቋራጭ ለትምህርት ቤት አጥር ጨረታ ዋጋ እንድሠራለት ጠራኝ። ሁለት ሌሊት ኤክሴል ላይ አደርኩ፤ ፌሮውን በአቆራረጥ ዝርዝር፣ ዋጋውን ከተክለ ሃይማኖት። ፖስታው ሲከፈት ሦስተኛ ወጣን። 3,000 ብር ሰጠኝና «ጋሼ፣ ሌላ አለ» ብሎ የተጠቀለለ ፕላን ብብቴ ሥር ሸጎጠልኝ።