የኒው ዮርክ የዘመቻ መዋጮ መፈለጊያ፦ ንጹህ ረድፍ ሁሉ ንጹህ ገንዘብ አይደለም

ነጻ ነው፣ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ውጤቱም ወደ ኤክሴል ይወርዳል። የኒው ዮርክ ከተማ የዘመቻ ፋይናንስ ቦርድ በድረ ገጹ ያስቀመጠው መፈለጊያ አንድ የከንቲባ ዕጩ ከማን፣ መቼ፣ ስንት እንደተቀበለ ያሳያል። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥተነዋል።

ሰንጠረዡ ትርጉም የሚሰጠው ስሌቱን ለሚያውቅ ነው። በከተማዋ የማዛመጃ ገንዘብ ፕሮግራም የገባ የከንቲባ ዕጩ፣ አንድ የከተማዋ ነዋሪ ከሚሰጠው የመጀመሪያ 250 ዶላር ላይ ለእያንዳንዱ ዶላር 8 ዶላር ከከተማው ካዝና ያገኛል። አንድ ሰው 2,000 ዶላር ቢሰጥ የሚጨመረው 2,000 ብቻ ነው። ያው 2,000 ዶላር በስምንት ሰዎች ስም ለየ250 ቢከፋፈል ግን 16,000 ይጎትታል። የሰው ስም መበደር የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ በሕግ ግን ክልክል ነው። የንግድ ድርጅቶችና የውጭ ዜጎችም መስጠት አይችሉም፤ ግሪን ካርድ ያለው ይችላል።

አጠቃቀሙ፦ የምርጫውን ዓመት ይምረጡ፣ የዕጩውን ስም ያስገቡ፣ ፋይሉን ያውርዱ። ከዚያ በለጋሽ ስም ሳይሆን በቀጣሪ ይደርድሩ፤ ቀጥሎ በቀን፣ ቀጥሎ በመጠን። የአንድ ድርጅት ሠራተኞች በአንድ ቀን እኩል ገንዘብ ሰጥተው ከተገኙ፣ የሥራ መደባቸውን የሚገልጸውን ዓምድ ይመልከቱ፤ ደመወዛቸው ያን ያህል መዋጮ ይችላል ወይ? ገንዘቡን የሰበሰበው ሰው የሚመዘገብበት ዓምድ ባዶ ከሆነ ጥያቄው ይበረታል። አንድ ጥንቃቄ፦ «የማዛመጃ መጠን» የሚለው ዓምድ የሚያሳየው ዘመቻው የጠየቀውን ነው፣ ቦርዱ የከፈለውን አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አምስተኛዋ ኮከብ የቀረችው መፈለጊያው ዘመቻው የሞላውን ቅጽ መልሶ ስለሚያሳይ ነው። ስሙን ያበደረ ሰው ሙሉ ስም፣ ሥራና ቀጣሪ ይዞ ይመጣል፤ ረድፉ እንከን የለበትም። የቀድሞው የከተማዋ ከንቲባ የኤሪክ አዳምስ የ2021 ዘመቻ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የማዛመጃ ገንዘብ አግኝቷል። በመስከረም 2024 (በፈረንጆቹ) የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ፣ ከውጭ የመጣ ገንዘብ በተበደሩ ስሞች አማካይነት ለዘመቻው ገብቷል የሚልን ጨምሮ አዳምስን በአምስት ክስ ከሰሳቸው። ከንቲባው ጥፋተኛ አይደለሁም ብለዋል። በጥር 2025 አንድ የግንባታ ድርጅት ባለቤት ሠራተኞቹ ለዚሁ ዘመቻ ያዋጡትን ከኪሱ እንደተካ አመነ። ይህን መተካት የትኛውም ዓምድ አይመዘግበውም፤ የሚገኘው በባንክ ሒሳብ ውስጥ ነው። በከንቲባው ላይ የቀረበውን ክስ ግን ዳኛ ዴል ሆ ሚያዝያ 2 ቀን 2025፣ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ክሱ እንዲዘጋ በመጠየቁ፣ ዳግም እንዳይከፈት አድርገው ዘጉት፤ የጥፋተኝነት ፍርድ የለም።

ቦርዱ ራሱ ፍርድ አልጠበቀም። በታኅሣሥ 2024፣ አዳምስ ለ2025ቱ ውድድር የጠየቁትን የማዛመጃ ገንዘብ ከለከለ፤ አንዱ ምክንያት የጠየቃቸው ሰነዶች አለመቅረባቸው ነበር። ለእኛ ከመፈለጊያው ይልቅ ጥርስ ያለው ይህ ሥልጣን ነው።

ትናንሽ ጉድለቶችም አሉ። የለጋሹ የቤት ቁጥርና መንገድ ለሕዝብ አይታይም፤ ከተማው፣ ግዛቱና የፖስታ ቁጥሩ ብቻ ነው። የቀጣሪ ስም በእጅ ስለሚሞላ አንድ ድርጅት በሦስት በአራት አጻጻፍ ይበተናል። ከከተማው ጋር ውል ያላቸው ሰዎች ለከንቲባ ዕጩ ከ400 ዶላር በላይ መስጠት አይችሉም፤ የእነርሱ ዝርዝር ግን ሌላ ቦታ ስለሆነ ሁለት መስኮት ከፍቶ ማመሳከር ያስፈልጋል። የእኛ ሰው ስም ደግሞ የባሰ ነው፦ «ገብረ ማርያም» አንዴ በአንድ ቃል፣ አንዴ በሁለት ይጻፋል፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲገባም ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። እንዲህ ያለውን በፖስታ ቁጥር ጀምሮ በዓይን መለየት ይቀላል።